ድግሱ ተደግሶ ካለቀ በኋላ የሚላክ ሽማግሌ

እሁድ እሁድ የልጄን ፀጉር ሹሩባ እሰራታለሁ። እሷ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ትላለች፣ እኔ ሶፋው ጠርዝ ላይ ሆኜ ጭንቅላቷን በጉልበቴ መሀል ይዤ፣ ሚዶና ዘይት ጎኔ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እየተጫወትን። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከመጣን ጀምሮ እንደዚህ ነው፣ እናቴም ለኔ እንደዚሁ ነበር የምታደርገው። ስጨርስ ሚዶው ላይ የቀረውን ፀጉር እናቴ እንዳስተማረችኝ ሰብስቤ ነው የማስቀምጠው፣ የሰው ፀጉር ሜዳ ላይ አይጣልም ትል ነበር።

ሜይ 24፣ 2020 (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው) እሁድ ነበር። ኮሮና ነው፣ ቤተክርስቲያንም ዝግ ነው፣ ቤት ፀጉር ስንሰራ ዋልን። በዛው ቀን ከኛ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን፣ ፒልባራ በሚባለው ቀይ አፈር አገር፣ ሪዮ ቲንቶ የሚባለው የማዕድን ካምፓኒ ጁካን ጎርጅ ላይ ያሉ ሁለት ዋሻዎችን በፈንጂ አፈረሰ። እኛ የሰማነው ከሁለት ሶስት ቀን በኋላ በዜና ነው። መጀመሪያ ሳየው ዋሻ ፈረሰ ብዬ አለፍኩት፣ እውነቱን ነው የምናገረው። በኋላ ላይ ከዋሻዎቹ በአንዱ ውስጥ ምን ተገኝቶ እንደነበር ሳነብ ነው እጄን ጭንቅላቴ ላይ ያደረግኩት።

ቀበቶ ነው። ከሰው ፀጉር ተጎንጉኖ የተሰራ ቀበቶ፣ 4,000 ዓመት የሆነው። የአንድ ሰው ፀጉር ብቻ አይደለም፣ የተለያዩ ሰዎች ፀጉር አንድ ላይ ተጎንጉኖ ነው፣ ማለትም የሆኑ ሰዎች የሆነ ቀን ቁጭ ብለው ከየራሳቸው ላይ ቆርጠው አዋጥተው አንዷ ወይ አንዱ በጣቱ ጎነጎነው። በዲኤንኤ ሲመረመር ባለቤቶቹ ዛሬ እዛው አካባቢ ያሉት ሰዎች ዘመዶች ሆነው ተገኙ። አስቡት እስቲ፣ 4,000 ዓመት! ያው ዘር፣ ያው ቦታ። ቀበቶው ከፍንዳታው በፊት በተደረገው ቁፋሮ ስለወጣ ተርፏል፣ 28,000 ዓመት የሆነው ከካንጋሮ አጥንት ተስሎ የተሰራ መውጊያም አብሮ ወጥቷል፣ በሺዎች የሚቆጠር ሌላ እቃም እንዲሁ። ዋሻው ራሱ ግን ሰው ለ46,000 ዓመት ሲመላለስበት የኖረ ነው፣ በበረዶው ዘመን እንኳን ያልተቋረጠበት። እሱ ነው የፈረሰው።

ፒልባራን ትንሽ አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት እየበረርኩ ሰርቻለሁ፣ ሁለት ሳምንት ስራ አንድ ሳምንት እረፍት፣ የማዕድን ሰራተኞች ካምፕ ውስጥ ክፍል ማፅዳት። የየትኛው ካምፓኒ እንደሆነ አልናገርም። የዛ አገር አፈር ከልብስ አይለቅም፣ አንሶላውን ስንት ጊዜ ብታጥቡት ጠርዙ ላይ ሮዝ መስሎ ይቀራል፣ ጫማዬ ዛሬም በረንዳ ላይ አለ ቀይ እንደሆነ። ስራ ስንጀምር በመጀመሪያው ቀን አንድ አቦርጂናል (የአውስትራሊያ ነባር ህዝብ) ሽማግሌ መጥተው ስለ ቦታው ለግማሽ ሰዓት ይነግሩን ነበር፣ የት መግባት እንደማይቻል፣ የቱን ድንጋይ ማንሳት እንደማይገባ፣ ከዛ ቡና ተጠጥቶ ወደ ስራ። መንገድ ዳር በፕላስቲክ ሪባን የታጠሩ ቦታዎች አይ ነበር፣ አትግቡ የሚል ታፔላ አላቸው። እና እኔ ይሄን እያየሁ በልቤ ጎሽ ይሄ አገር ቅርስ ያከብራል ብዬ ነበር። ሪባኑ የሚነሳበት ፎርም እንዳለ አላውቅም ነበራ።

ሁሉም ነገር በህግ መሰረት ነበር የተደረገው። እዚህ ጋ ነው የብዙ ሰው ጆሮ የማይቆመው። ምንም ህግ አልተጣሰም! የምዕራብ አውስትራሊያ የ1972 የአቦርጂናል ቅርስ ህግ አንቀጽ 17 ላይ ቅርስ ማበላሸት ወንጀል ነው ይላል፣ አንቀጽ 18 ላይ ደግሞ መሬቱን የያዘው ሰው ማመልከቻ አስገብቶ ሚኒስትሩ ከፈቀደለት ማበላሸት ይችላል ይላል። መሬቱን የያዘው ሲባል ደግሞ የማዕድን ሊዝ ያለውም ካምፓኒ ያው ባለመሬት ነው። ሚኒስትሩ ከከለከለ ካምፓኒው ይግባኝ ማለት ይችላል፣ ሚኒስትሩ ከፈቀደ ግን ባለርስቶቹ ይግባኝ የሚሉበት ቦታ የለም። በቃ የለም። የጁካን ፈቃድ የተሰጠው በ2013 መጨረሻ ነው፣ ያ ሁሉ እቃና የ46,000 ዓመቱ ነገር የወጣው ከዛ በኋላ በ2014 በተደረገው ቁፋሮ። እና አዲስ ነገር ተገኝቷል እንደገና ይታይልን ቢባል ህጉ ላይ አንዴ የተሰጠን ፈቃድ በአዲስ መረጃ መልሶ የሚያይ አንቀጽ አልነበረም።

ባለርስት የምለው አውቄ ነው። በእንግሊዝኛው የሚጠሩበትን ስም ቃል በቃል ባመጣው አማርኛችን ላይ አይገባም፣ የኛ ቃል ግን አለ፣ ርስት። በግዢ ያልመጣ፣ መንግስት ያልሰጠው፣ አባትህን እናትህን ቆጥረህ ቆጥረህ የምትደርስበት መሬት። ፑቱ ኩንቲ ኩራማ እና ፒኒኩራ የሚባሉት ህዝቦች ጁካን ብለው የሚጠሩት ቦታ የአያታቸው ስም ነው። የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ራሱ እኮ በ1992 ማቦ በሚባለው ሰው ክስ ላይ በሰጠው ፍርድ ይሄ አገር እንግሊዞች ሲመጡ ባዶ አልነበረም ብሎ ነው የዚህ አይነቱን የርስት መብት ያወቀው፣ በ1993 ህግ ወጣለት፣ የነሱም መብት በ2015 በፍርድ ቤት ፀድቋል። ርስቱ የናንተ ነው ተብለው 5 ዓመት ሳይሞላ ዋሻቸው ፈረሰ።

ካምፓኒው አላማከራቸውም ወይ? አማክሯቸዋል። ስብሰባ ነበር፣ ስምምነት ነበር፣ ክፍያ ነበር። ግን ምን አይነት ምክክር እንደሆነ እዩት። ካምፓኒው ቁፋሮውን የሚያስፋፋባቸው አራት ፕላኖች ነበሩት፣ ሶስቱ ዋሻዎቹን አይነኩም፣ አራተኛው ይነካል ግን ተጨማሪ 8 ሚሊዮን ቶን ጥሩ የብረት ማዕድን ያስገኛል፣ ወደ 135 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚገመት። ለባለርስቶቹ የቀረበላቸው አራተኛው ብቻ ነው። ሌላ መንገድ እንዳለ አልተነገራቸውም። በሜይ 2020 ለጁላዩ በዓላቸው ቦታውን እንይ ብለው ሲጠይቁ ነው ዋሻዎቹ በፈንጂ ሊፈርሱ እንደሆነ ያወቁት፣ ከዛ በጠበቃ ሮጡ፣ ፈንጂው ተቀብሯል አሁን ማውጣት አደጋ አለው ተባሉ።

እኛ አገር ልጅ ሲጠየቅ ሽማግሌ የሚላከው መጀመሪያ ነው። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ቆመው ይጠይቃሉ፣ የልጅቷ አባት እንምከርበት ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ እምቢም ሊል ይችላል፣ እምቢ ማለት መቻሉ ነው ጥየቃውን ጥየቃ የሚያደርገው። ድግሱ ተደግሶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ከዛ ሽማግሌ ቢላክበት ያ አባት ምን ይሰማዋል? ማማከርና ማስፈቀድ አንድ አይደሉም። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ የሰማሁት ክርክር ሁሉ ተጨምቆ ሲወጣ ለኔ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ባለርስቶቹ ሁሌ ይመከራሉ፣ አይሆንም የማለት ቁልፍ ግን በእጃቸው አይደለም።

ከጁካን በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልበል። ካምፓኒው መጀመሪያ የአለቆቹን ቦነስ ቆረጠ፣ ሰዉ አልበቃውም፣ አክሲዮን ያላቸው የጡረታ ፈንዶች ሳይቀሩ ግፊት አደረጉ፣ በሴፕቴምበር 2020 ዋና ስራ አስኪያጁ ዣን ሴባስቲያን ዣክና ሁለት ሌሎች አለቆች እንደሚለቁ ተነገረ። የፌዴራል ፓርላማው መረመረ፣ በዲሴምበር 2020 መጀመሪያውን ሪፖርት በ2021 የመጨረሻውን አወጣ። በ2022 ካምፓኒውና ባለርስቶቹ የጁካን መታሰቢያ ፋውንዴሽን ለማቋቋም ተስማሙ። ምዕራብ አውስትራሊያም አሮጌውን ህግ ጥሎ በ2021 አዲስ ህግ አፀደቀ፣ ጁላይ 1፣ 2023 ስራ ላይ ዋለ።

እና ኦገስት 8 ላይ መንግስት እንሽረዋለን አለ። አምስት ሳምንት። አንድ ህግ አምስት ሳምንት!

ያቺን አምስት ሳምንት የኛ ሰፈር እንዴት እንዳሳለፈው ልንገራችሁ። የቤተክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ ከከተማ ወጣ ብሎ መሬት ገዝቶ ነበር፣ ስንት ዓመት በጉርሻ በጉርሻ ተዋጥቶ፣ ሴቶቹ ዳቦና እንጀራ ሸጠን። አዲሱ ህግ ከ1,100 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ መሬት ላይ አንዳንድ ስራ ከመስራትህ በፊት የቅርስ ነገር አጣራ ይል ነበር። የቫይበር ግሩፓችን ነደደ። መሬታችንን ሊወስዱብን ነው፣ አጥር ለመትከል ገንዘብ ክፈሉ ሊሉን ነው፣ ዛፍ መትከል ተከልክሏል፣ ምናምን። ገበሬዎቹም ያንኑ ነበር የሚሉት፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፔቲሽን ፈርሟል። የፍርሀቱ ግማሽ ወሬ ነበር፣ ግማሹ ግን እውነት ነበረው ምክንያቱም ህጉ ውስብስብ ነው፣ ደንቡ ዘግይቶ ነው የወጣው፣ ማን ጋ ሄደህ እንደምትጠይቅ የሚነግርህ አልነበረም፣ መልስ መስጠት ያለባቸው የአካባቢ የአቦርጂናል ቢሮዎችም ገና አልተደራጁም። የሚገርመው ደግሞ ብዙ አቦርጂናል መሪዎችም ህጉን ከመውጣቱ በፊት ጀምሮ ተቃውመውታል፣ እስከ ተመድ ድረስ አቤት ብለዋል፣ የነሱ ቅሬታ ግን በጣም ሌላ ነው፣ የመጨረሻው ቃል አሁንም የሚኒስትሩ ነው የሚል። እና ከሁለቱ ቅሬታ የትኛው ተሰማ? የባለመሬቱ። በዛው ዓመት ኦክቶበር ላይ አቦርጂኖች ፓርላማውን የሚያማክሩበት አካል በህገ መንግስት ይቋቋም የሚለው ሪፈረንደም ቀርቦ 60 ፐርሰንቱ ሰው አይሆንም አለ፣ ለማማከር ብቻ እኮ ነው የተጠየቀው።

በኖቬምበር 2023 የ1972ቱ ህግ ተሻሽሎ ተመለሰ። አሁን ባለርስቶቹም ይግባኝ ማለት ይችላሉ፣ ከፈቃዱ በኋላ አዲስ ነገር ከተገኘም ለሚኒስትሩ ማሳወቅ ግዴታ ሆኗል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ በ2014 ቢኖር ኖሮ ያ ዋሻ ምናልባት ዛሬም ይኖር ነበር። ቁልፉ ግን አሁንም መንግስት ቤት ነው።

ሌላው ሁሌ የሚያስጨንቀኝ ነገር ሚስጥር ነው። ህግ ማስረጃ ይፈልጋል፣ ፃፉልኝ፣ አሳዩኝ፣ በካርታ ላይ አመልክቱልኝ ይላል። የማይነገር ነገርስ? ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ሂንድማርሽ ደሴት የሚባል አለ፣ ባለርስቶቹ የንጋሪንጄሪ ህዝቦች ኩማራንግክ ይሉታል። በ1990ዎቹ ወደ ደሴቱ ድልድይ ሊሰራ ሲል የተወሰኑ የንጋሪንጄሪ ሴቶች ይሄ ቦታ የሴቶች ጉዳይ ያለበት ነው ብለው ተቃወሙ፣ ምን እንደሆነ ግን ለወንድ አይነገርም። ነገሩ ተፅፎ ታሽጎ ሴት ብቻ እንድታነበው ተብሎ ለሚኒስትሩ ተላከ፣ ሚኒስትሩ ወንድ ስለሆነ አክብሮ አላነበበም፣ በ1994 ድልድዩን ለ25 ዓመት ከለከለ። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ራስህ ሳታየው እንዴት ትወስናለህ ብሎ ሻረው። አንድ ካርቶን ሙሉ የሚስጥር ወረቀትም በስህተት የተቃዋሚ ፓርቲ ሰው ቢሮ ደርሶ ኮፒ ተደረገ፣ ሰውዬው በዚህ ምክንያት ከሹመቱ ለቀቀ። ከንጋሪንጄሪ ሴቶች መሀልም እኛ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም ያሉ ነበሩ፣ በ1995 አጣሪ ኮሚሽን ሴቶቹ ፈጥረው ነው ያወሩት አለ፣ ውሸታም ተባሉ በአደባባይ። በ2001 ድልድዩ ተከፈተ፣ እዛው ዓመት ላይ ሌላ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አይቶ ፈጥረውታል የሚለውን የሚያሳምን ነገር አላገኘሁም አለ፣ የክልሉ መንግስት ያንን የተቀበለው በ2010 ነው። ድልድዩ ከተከፈተ 9 ዓመቱ።

ይሄን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ማስረዳት አላስፈለገኝም። ታቦት ስንት ሰው አይቶታል? ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከመቅደላ ጋር የተያያዙ 11 ታቦታት አሉ፣ የሙዚየሙ ሰራተኞች እንኳን አያዩዋቸውም፣ ለብቻ ተዘግቶባቸው ነው ያሉት። ታቦቱን አውጣና አሳየኝ ካልሆነ ቅዱስ መሆኑን አላምንም የሚል ዳኛ ቢመጣ እናቴ ምን እንደምትለው አውቃለሁ። የንጋሪንጄሪ ሴቶች የተጠየቁት ያንን ነው።

ባለርስቶቹ ቁልፉን ሲይዙ ምን እንደሚመስልም አይቻለሁ። ባለፈው ሜልበርን የአክስቴ ልጅ ጋ ሄደን በመኪና ወደ ምዕራብ አራት ሰዓት ያህል ነድተን ቡጅ ቢም ሄድን። የጉንዲጅማራ ህዝቦች አገር ነው። ከእሳተ ገሞራ የቀረ ጥቁር ድንጋይ ሞልቶታል፣ ያንን ድንጋይ ደርድረው ቦይና ግድብ ሰርተው ኢል የሚባለውን እባብ የሚመስል ዓሣ የሚያረቡበት ነው፣ አንዳንዱ 6,600 ዓመት ሆኖታል። በ2019 በዩኔስኮ ተመዘገበ፣ በአቦርጂናል ባህሉ ብቻ ተመዝኖ የገባ የአውስትራሊያ የመጀመሪያው ቦታ ነው። ያስጎበኘን ልጅ ጉንዲጅማራ ነው፣ ድንጋዩን በእጁ መታ መታ እያደረገ እንደ ራሱ ግቢ ነበር የሚያወራው፣ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ከዚህ በኋላ አንሄድም አለ፣ ለምን አላለም፣ እኛም አልጠየቅንም። ከሐይቁ ዳር ካፌ አላቸው፣ ጢስ የበላ ኢል ይሸጣሉ። ቅርፊቱ የማይታይ ዓሣ ስለሆነ እኔ አልቀመስኩም፣ ልጄ ግን ቀምሳ ሁለተኛ አዘዘች።

ወደ መሬታችን ልመለስ። ህጉ ከተሻረ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ፣ የመሠረት ድንጋይ ሊቀመጥ ስለሆነ። አንዱ ወንድማችን እንደ አገሩ ደንብ አንዲት የኑንጋር (የፐርዝ አካባቢ ባለርስቶች ናቸው) እናት ጠርተን እንኳን ደህና መጣችሁ እንድትለን እናድርግ አለ፣ ሁላችንም ጥሩ ነው አልን። አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ዝም ብለው ቆይተው ፕላኑ አልቋል እንዴ አሉ። አልቋል። ማዘጋጃ ቤት ገብቷል? ገና ነው። ታዲያ ለምርቃት ከምንጠራት ለምን አሁን አንጠይቃትም፣ አሁን ካልጠየቅናት የጠራናት ለፎቶ ነው አሉ። ተጨቃጨቅን። ህጉ ተሽሯል እኮ ማንም አያስገድደንም ያሉ ነበሩ፣ እንዴት ያለ ጭቅጭቅ፣ ሶስት እሁድ። በመጨረሻ ጋሼና እኔ ሌሎች ሁለት ሴቶችም ሆነን ሄድን። ቡና ቆልተን በፔርሙስ ይዘን፣ አምባሻ ይዘን።

አንቲ ነው የምንላቸው፣ እዚህ አቦርጂኖች ትልቅ ሴትን አንቲ ወንዱን አንክል ነው የሚሉት፣ እኛ እትዬ ጋሼ እንደምንለው። ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋንላቸው። መነፅራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዛ መሬቱን እንየው አሉ። በሳምንቱ ሄድን። በክረምት ብቻ ውሃ የሚይዝ ጅረት አለ ከታች በኩል፣ ዳሩ ላይ ትላልቅ ዛፎች አሉ፣ እኛ እዛ ጋ መኪና ማቆሚያ ነበር ያደረግነው ሜዳ ስለሆነ። እሳቸው ከዛፎቹ መሀል ገብተው ለብቻቸው ቆዩ፣ እኛ መኪናው ጋ ቆመን ጠበቅን። ሲመለሱ ይሄንን ተዉት አሉ። ጋሼ ምንም ሳይጨምሩ እሺ እንዳሉ አሉ።

ፕላኑ ተቀየረ፣ መኪና ማቆሚያው ወደ ላይ ወጣ፣ አርክቴክቱ በድጋሚ ተከፈለው፣ አራት ወር ዘገየን፣ እስከ ዛሬ የሚያጉረመርም አለ። የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠ ቀን አባ ጸበል ረጩ፣ አንቲ ደግሞ ቅጠል አንድደው ጢሱ በመካከላችን እንዲያልፍ አደረጉ፣ ከዕጣኑ ጢስ ጋር ተቀላቀለ። ልጄ ያን ቀን አዲስ ሹሩባ ነበረች። አንቲ ጠሩዋትና ጎንጉኑን በጣታቸው እየነኩ ማን ሰራልሽ አሏት፣ እናቴ አለች፣ እናትሽንስ ማን አስተማራት አሏት።